አውቶማቲክ የነበረች ኮሮላ ማንዋል ሆነች፣ የትሮትል ሴንሰሩ ሽቦ ግን አልገጥም አለ

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የድሮ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ። አውቶማቲክ ካምቢዮው ስለሞተ እዚሁ ድሬ ማንዋል አስገጠምኩ። ፍሪሲዮኑም ማርሹም አሪፍ ነው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ከካምቢዮው ጋር የማንዋል ትሮትል ቦዲም (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው) አብሮ መጥቶ ነበርና እሱንም ገጠሙት። ሴንሰሩ ባለ ሦስት እግር ነው፣ የመኪናዋ ሶኬት ደግሞ አራት ሽቦ አለው። ኤሌክትሪሺያኑ ሦስቱን በቀለም አመሳስሎ ቀጠለና አራተኛውን በናስትሮ ጠቅልሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ነዳጅ ስረግጥ ታንቃ ነው የምትነሳው፣ ቼክ ኢንጂንም አይጠፋም። ከተማ ውስጥ ሜዳ ስለሆነ ይቻላል። ወደ ሐረር ስወጣ ግን ደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበቷ ያልቃል፣ ከኋላ አይሱዙ ጡሩንባ ይነፋብኛል። አራተኛው ሽቦ የት ነው የሚገባው?

መካኒክ ከሐረር፦
አቦ፣ የሚገባበት ቦታ የለውም። ሁለቱ ሴንሰሮች ሥራቸው ይለያያል። የአውቶማቲኩ ፔዳሉን ምን ያህል እንደረገጥክ በቮልት እያሳደገ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። የማንዋሉ ማብሪያ ማጥፊያ በለው፣ የሚያውቀው እግርህ መነሳቱን ወይም እስከ መጨረሻ መርገጥህን ብቻ ነው። ኮምፒዩተርህ ደግሞ ያው የአውቶማቲኩ ነው፣ የሚጠብቀውን ቮልት ካላገኘ ሽቦውን እንዴትም ብታገለባብጠው አይስተካከልም። አሮጌውን ትሮትል ቦዲ ከነሴንሰሩ ከጋራዡ ተቀበልና መልሰህ አስገጥም። የካምቢዮው ኬብል ይያያዝበት የነበረው ቦታ ባዶውን ቢቀር ምንም አይደል።
በቀለም አመሳስሎ መቀጠል የሚባለውን ነገር በጭራሽ አልወደውም። 5 ቮልት የሚመጣበት ሽቦ ከኔጋቲቩ ጋር ከተገናኘ ሌሎቹም ሴንሰሮች ምግባቸውን ያጣሉ፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። እስኪስተካከል ደንገጎን አትውጣ።

ሳቢያን፦
ልክ ነው። ቦዲው ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በቴስተር ሳትለካ አትመን። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ኦን ላይ አድርግ። የሴንሰሩ እግሮች ስም አላቸው፦ ቪሲ 5 ቮልቱ የሚመጣበት፣ ኢ2 ኔጋቲቩ፣ ቪቲኤ ደግሞ ፔዳሉን ምን ያህል እንደረገጥክ የሚናገረው ነው። ቪሲ እና ኢ2 መካከል ወደ 5 ቮልት መምጣት አለበት። ቪቲኤ ላይ እግርህ ሲነሳ ከ0.3 እስከ 0.8፣ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ከ3.2 እስከ 4.9 ቮልት። ቀስ እያልክ ስትረግጥ ቁጥሩ ሳይዘል መውጣት አለበት፣ መሃል ላይ ከዘለለ ሴንሰሩ ራሱ አልቋል። አይዲኤል የሚባለው አራተኛው ነው፣ እግር መነሳቱን የሚናገረው እሱ ነው፣ ሚኒሞህ የሚጨፍረውም እሱ ስለተቆረጠ ይመስለኛል። ሴንሰሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ላላ አድርገህ ትንሽ በማዞር ይስተካከላል።
ኢ2ን የመኪናዋ ቆርቆሮ ላይ እንዳያስሩብህ አደራ! እሱ የኮምፒዩተሩ የራሱ ኔጋቲቭ ነው። ሽቦው ደግሞ በስታኞ ይበየድ፣ በድሬ ሙቀት የናስትሮው ሙጫ ሞተር ክፍል ውስጥ ይቀልጥና ይላቀቃል።

የከዚራ ልጅ፦
ወላሂ ተባረኩ። አሮጌው ቦዲ ጋራዡ ውስጥ አለ፣ ነገ እወስዳለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ካምቢዮው ላይ የነበረውን የኒውትራል ስዊች (ማርሽ ውስጥ ሆና እንዳትነሳ የሚከለክለውን) ሁለት ወፍራም ሽቦ አገናኝተውት ነው ሞተሯ የምትነሳው። እሱስ?

መካኒክ ከሐረር፦
ለማስነሳት ያስፈልጋል፣ ግን አሁን ማርሽ ውስጥ ሆናም ቁልፍ ሲዞር ትዘላለች። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ቢሆንስ? ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚያገናኝ ስዊች በዚያ መስመር ላይ አስገባበት። የኋላ ማርሽ መብራቱም ከዚያው ስዊች ነበር የሚመጣው፣ ሽቦውን ማንዋል ካምቢዮው ላይ ወዳለው ስዊች አዙረው።
ሁሉም ሲያልቅ ቁልፉን አጥፍተህ የኢኤፍአይ ፊውዙን ለአስር ሰከንድ ያህል ንቀለው፣ የድሮው ኮድ ይሰረዛል። ከዚያ ነድተህ ስትቆም ከኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች አገናኝና ቼክ ኢንጂኑ የሚያብለጨልጨውን ቁጠር። አራት ከዚያ አንድ ካለ የትሮትል ሴንሰሩ መስመር ገና ነው። አምስት ከዚያ አንድ ካለ አይዲኤልን ወይም የኒውትራሉን ሽቦ እይ። መብራቱ ተመልሶ ከበራ ጻፍልን።