አስቸኳይ፦ ጣራችን ተከፍቷል፣ ትንበያው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ይላል

ጠያቂው (ሰኞ ማታ)
እባካችሁ በፍጥነት መልሱልኝ። የወላጆቼን ቤት አሮጌ ቆርቆሮ ቅዳሜ ያነሣነው ሰማዩ ጠርቶ ስለ ነበር ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ የዘረጋነውን ላስቲክ ከመሐል ቀደደው፣ የአንዱ ክፍል የጭቃ ግድግዳም ከላይ መናድ ጀምሯል። ወራጁና ማገሩ ተመትቶ አልቋል። አናጢዎቹ ቆርቆሮውን ለመምታት ሁለት ደረቅ ቀን ያስፈልገናል ይላሉ። ሬዲዮ ላይ «በብዙ ስፍራዎች መደበኛ ዝናብ፣ በጥቂት ስፍራዎችም ከባድ ዝናብ ይኖራል» ሲባል ሰማሁ፤ ስልኬ ደግሞ ለረቡዕ 40 በመቶ፣ ለሐሙስ 70 በመቶ ያሳያል፣ ሰዓቱንም 15፡00 ይላል። የትኛውን ልመን? ሁለቱ ደረቅ ቀናት የትኞቹ ናቸው?

የሰማይ ወዳጅ
በቅድሚያ ወቅቱን መረዳት ያስፈልጋል። በአባቶቻችን አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ሲሆን፣ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ በልግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ይቆጥሩታል። የበልግ ዝናብ እንደ ክረምቱ በየቀኑ የሚጠበቅ አይደለም፤ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር ከሰሜን በኩል ከሚያልፈው ቀዝቃዛ የአየር ሞገድ ጋር ሲገናኝ ለጥቂት ቀናት ይዘንባል፣ ሞገዱ ሲያልፍ ይተዋል፣ ከዚያም ሌላው ሲመጣ ይመለሳል። ስለዚህ በሚያዝያ የሚዋዥቅ ሳምንት መኖሩ የወቅቱ ጠባይ እንጂ የትንበያው ስሕተት አይደለም።

መንገደኛ
ትምህርቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ከየት እንደሚጽፍ እንኳ አልነገረንም። ለጅማና ለወልዲያ አንድ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ጠያቂው
ይቅርታ፣ ከደሴ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ። ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፣ ዕቃው በሙሉ አንደኛው ክፍል ውስጥ ነው።

ደጉ ጎረቤት
ወፍራም ሸራ ግዙ። ላስቲክ በረዶ አይችልም።

የለጋምቦ ልጅ
ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል፣ እግዚአብሔር ያቅልልህ። ሆኖም «ዝናቡ መቼ ይቆማል?» ብለህ መነሣትህን አልቀበለውም። በለጋምቦና በደላንታ ደጋ ገብሱን በበልግ የዘራ ገበሬ ይህንን ዝናብ በጸሎት ነው የሚጠብቀው፣ ሚያዝያ ላይ ከተቋረጠበት ሰኔ ላይ የሚያጭደው አይኖረውም። ጥያቄው መሆን ያለበት ዝናቡ እየዘነበ ጣራው እንዴት ይለብሳል የሚለው ነው።

ከኮምቦልቻ
የለጋምቦው ልጅ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ወደ ቁም ነገሩ ስለሚያደርሰን እኔም ከዚያ ልቀጥል። ሁለቱ ትንበያዎች አይጋጩም፤ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። ሬዲዮው የተናገረው ለሰፊ አካባቢ ነው፦ «መደበኛ» ማለት በዚህ ጊዜ ለብዙ ዓመታት ሲዘንብ ከኖረው ጋር የተቀራረበ ማለት ነው፣ «ከባድ» የሚባለውም በአንድ ቀን ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወርድ ነው። ከጥቂቶቹ ስፍራዎች አንዱ የእናንተ ሰፈር ይሁን አይሁን አይነግራችሁም። ስልኩም ቢሆን ቁጥሩን የሚያሰላው ምድርን ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፍሎ ስለሆነ፣ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ያለችውን ኮምቦልቻን ከ2,400 ሜትር በላይ ካለችው ከደሴ በሚገባ ላይለይ ይችላል፤ ጦሳንማ እንደ አንድ ጉብታ ቢያየው ነው።

አሁን ሰዓቱን ተመልከት። 15፡00 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 40 በመቶም የቀኑ አርባ በመቶ ይዘንባል ማለት ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ቀን አሥር ጊዜ ቢመጣ አራት ጊዜ ያህል ይዘንባል ማለት ነው። በዚህ ወቅት ብዙውን ጊዜ ጧት ሰማዩ ይጠራል፣ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ደመናው በተራራው ላይ ይከመራል፣ ዝናቡም ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ደረቅ ቀን ከምትጠብቁ አራት ደረቅ ጧት ፈልጉ፣ እነርሱን ማግኘት እጅግ ይቀልላል። ሞገዱ ሲያልፍ ግን ከሌሊት ጀምሮ የሚያካፋበት ቀን ስለሚኖር፣ በየማታው አዲሱን ትንበያ እዩ፤ ከሦስት ቀን በላይ የራቀውን የሰዓት ትንበያ አትመኑ።

ደጉ ጎረቤት
አሁንም ሸራ እላለሁ። ወፍራሙን።

አሮጌው አናጢ
ልጄ፣ ሸራው ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን ላስቲኩን የቀደደው በረዶው ብቻ አይመስለኝም፣ ከወራጁ ላይ የወጣ የሚስማር ጫፍ ይኖራል። ሚስማሩን ምቱት፣ በየወራጁ ላይ ጆንያ አጣጥፋችሁ አንጥፉ፣ ከዚያ ሸራውን ውኃ እንዳያቁር በተዳፋት ወጥራችሁ በገመድ እሰሩት። ድንጋይ አትጫኑበት፣ ነፋስ ሲያነሣው ሰው ላይ ይወድቃል። የጭቃ ግድግዳ የሚበላሸው ውኃ ከአናቱ ሲገባበት ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ሌሊት ሌላው ቢቀር የግድግዳውን አናት ሸፍኑ፣ በዙሪያውም ቦይ ቅደዱ። እርጥቡን ግድግዳ አሁን አትምረጉት፤ ምርጊቱ ተመልሶ ይረግፋል።

ቆርቆሮውን በተመለከተ፣ ሦስቱንም ክፍል ባንድ ጊዜ አትጀምሩ። ዕቃው ካለበት ክፍል ተነሡ፣ ከታች ከክፈፉ ወደ ላይ እየደረባችሁ ውጡ፣ እስከ 6 ሰዓት የጀመራችሁትን ሙሉ በሙሉ ቸንክራችሁ ውረዱ። በግማሽ የተመታ ቆርቆሮ ከሰዓት በኋላ ለሚነሣው ነፋስ አይተውም። ሰማዩንም እንደ አዲስ አማት ደጋግማችሁ እዩት።

ከኮምቦልቻ
አንድ የዘነጋሁት አለ፣ ከሁሉም ይበልጣል። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ቆሞ ነጎድጓድ መስማት የሞት አፋፍ ነው። መብረቁ ከታየ በኋላ ድምፁ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ከተሰማ ሁሉም ይውረድ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይውጣ። የሠራተኛ ቀን ክፍያ ስለሚቆጠር ብላችሁ አትቸኩሉ።

ጠያቂው (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል)
ጋሼ አናጢ፣ እውነትዎን ነው፣ ሦስት ሚስማር አገኘን። ከ1 ሰዓት ጀምረን የዕቃውን ክፍል አልብሰናል፤ እናቴም ዛሬ እዚያው ትተኛለች። ጦሳ ላይ ደመናው መከመር ስለ ጀመረ አሁን ወርደናል። ነገ ሁለተኛውን እንቀጥላለን፤ ስልኩ አሁን ረቡዕን 60 በመቶ አድርጎታል።

አሮጌው አናጢ (ሐሙስ ጧት)
ልጄ፣ ሁለተኛው ክፍል ለበሰ? ግድግዳውስ ቆመ?

መንገደኛ (ቅዳሜ)
እኔም ሐይቅ ከተማ ለሰኞ ቆርቆሮ ላነሣ ነበር። የደሴው ወንድማችን ምን ላይ እንደ ደረሰ የሰማ አለ?