የሞተ ስማርት ሰዓት አስሮ የሚዞረው እኔ ብቻ ነኝ?

ባለጥቁሩ ሰዓት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍራል። እዚህ ማንም ስለማያውቀኝ ግን ልጠይቅ።

ስማርት ሰዓት አለኝ። ክብ ነው፣ ጥቁር፣ የብረት ማሰሪያ ያለው። ስገዛው ኪሴን አራግፎኛል። ከሰባት ወር በፊት ሞተ። ቻርጀር ላይ ሳስቀምጠው አርማው ብልጭ ይልና መልሶ ድርግም ይላል። እኔ ግን አንድም ጠዋት ሳላስረው ከቤት ወጥቼ አላውቅም። እንደውም ስክሪኑን በሸሚዜ ጫፍ እወለውለዋለሁ። ስብሰባ ሲረዝምብኝ ክንዴን አነሳ አድርጌ አየዋለሁ። የሚታየኝ የራሴ አፍንጫ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሊፍት ውስጥ አንዲት እናት "ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ። ሁለታችንም አየነው። ጥቁር። በጣቴ ነካ አደረግኩት። አሁንም ጥቁር። "ቻርጅ ጨርሶ ነው" አልኩና ስልኬን ከኪሴ ለማውጣት መታገል ጀመርኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሰዓቱን እንደገና አዩትና "ያምራል ግን" አሉኝ። ውሃ ሆንኩ።

እና ጥያቄዬ፣ ያሰርኩት ነገር ምንድን ነው? ጌጥ ነው ወይስ ውሸት? ጌጥ ከሆነ ለምን አፈርኩ? የወርቅ ቀለበት ያደረገን ሰው "ይሄ ምን ይሠራል?" ብሎ የሚጠይቀው የለም። እናንተ ጋ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የለም? ወይስ ያበድኩት እኔ ብቻ ነኝ?

ካቻቢቴ፦

አይዞህ ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። ስልክና ሰዓት መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ የታዘብኩት ነገር ልንገርህ። የፊት ስክሪኑ የተሰነጠቀበት ሰው በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ዓመት ሙሉ መልእክት ያነባል። ጣቱን እየላጠውም ቢሆን። የኋላ መስታወቱ የተሰበረበት ግን በማግስቱ ከች ይላል። ስልኩ እኮ አንድም ነገር አልሆነም! ግን ፊቱን የሚያየው እሱ ነው፤ ጀርባውን የምናየው እኛ ነን። ጆሮው ላይ ሲለጥፈው፣ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲያነሳ፣ ለሰው የሚታየው ጀርባው ነው። አርማው ጋ ሲደርስ ክብ ቀዳዳ ያለው ከቨርም የሚሸጠው ለዚሁ ነው። ስልኩን ሸፍንልኝ፣ አርማዋን ግን እንዳትነካብኝ።

አምራቾቹም ይህን ያውቃሉ። የአፕል ላፕቶፕ ክዳን ላይ ያለችው ፖም ድሮ የምትቀናው ለባለቤቱ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ከፊት ለፊት ላለው ሰው ተዘቅዝቃ ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የቲታኒየም ፓወርቡክ ላፕቶፕ ላይ ገለበጧት። ከዚያ ወዲህ የምትቀናው ለተመልካች ነው። የከፈለው ሰው ሊከፍተው ሲል ተዘቅዝቃ ትጠብቀዋለች።

ወደ ሰዓትህ ልመለስ። አርማው መጥቶ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በባትሪ ነው። ሰዓቱ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ያረጀ ባትሪ ያን መስጠት ያቅተውና ቮልቴጁ ወርዶ ይጠፋል። ሶፍትዌርም ሊሆን ይችላል፣ ሳልከፍተው አልምልም። አሁኑኑ ግን አንድ ነገር እይልኝ። ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ብሏል? ጥፍርህ ከገባ ባትሪው አብጦ ይሆናል። አውልቀው። አትጫነው፣ አትጎርጉረው፣ ቻርጀር ላይም እንዳትመልሰው። የሊቲየም ባትሪ ቀልድ አያውቅም።

የድሮ አንቴና፦

ልጄ፣ ጥቁር ፊት ያለው ሰዓት እኮ አንድ ዘመን የሀብታም ምልክት ነበር። በሕይወት እያለ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፑልሳር የሚባል ሰዓት ወጣ። ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ዲጂታል የእጅ ሰዓት እሱ ነው። ባለ 18 ካራት ወርቅ፣ ዋጋው 2,100 ዶላር። ፊቱ ጨለማ ነው። ቀያዮቹ ቁጥሮች የሚበሩት ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ ነው፤ ሁሌ ይብሩ ቢባል ባትሪውን ወዲያው ይጨርሱታል። እስቲ አስበው፣ ሰዓት ለማየት ሁለት እጅ! ዕቃ የተሸከመ ሰው ምን ሊሆን ነው? ግን ጉራው እዚያው ቁልፉ ላይ ነበር። ክንድ ዘርጋ፣ በሌላው እጅ ጫን፣ ሰው ሁሉ ዞር ይበልልህ። በ1976 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባል ኩባንያ በ20 ዶላር የፕላስቲኩን አወጣው። ከዚያ በኋላ ማን ሊዞርልህ?

አፕልም እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ ሞክሮታል። ባለ 18 ካራት ወርቅ ሰዓት፣ ከ10,000 ዶላር ጀምሮ። በ2018 የወጣው ሶፍትዌር ያን ሰዓት አልቀበልም አለ። ሦስት ዓመት! ወርቁ ዛሬም ወርቅ ነው። አንጎሉ ግን በዚያው ዓመት ከወጣው ከተራው የአልሙኒየም ሰዓት ጋር አንድ ነበር፤ አብረው አረጁ። ለቀለበት ጥያቄህም መልሴ እዚህ አለ። ቀለበት ከመጀመሪያውም ምንም ሠርቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ሥራ ሊፈታ አይችልም። የአንተው ግን ሰዓት እነግራለሁ ብሎ የተቀጠረ ነው።

ስፈርድብህ ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሞቶሮላ ሬዘር የሚባል ታጣፊ ስልክ ሲወጣ ተሯሩጠው ከገዙት አንዱ ነኝ። አልሙኒየም፣ ሲታጠፍ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር የማይሞላ፣ ቁልፎቹ ሰማያዊ የሚያበሩ። ያን ጊዜ እንዴት ያለ ጉድ መሰለህ! ስልክ አነጋግሬ ስጨርስ "ደህና ሁን" አልልም። ቀጭ! አድርጌ እዘጋዋለሁ። ሳይደወልልኝም ከፍቼ እዘጋው ነበር፣ ሰው ያለበት ቦታ ከሆነማ አላባራም። በመታጠፊያው ውስጥ የሚያልፍ እንደ ወረቀት የሳሳ ገመድ አለ። በሁለተኛው ዓመት ተበጠሰ። ትልቁ ስክሪን ጠፋ፣ የውጪዋ ትንሽ መስኮት ብቻ ቀረች። ማን እንደደወለ አያለሁ፣ መልእክት ግን ማንበብ አልችልም። እንዲያም ሆኖ ስምንት ወር ያዝኩት። ባለቤቴ "ለምን አትጥለውም?" ስትለኝ "ድምፁ አሁንም ጥሩ ነው" እላት ነበር። የመዝጊያውን ድምፅ ማለቴ ነው። ያ ስልክ በኋላ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ሰው እጅ ሁሉ ገባ። ቀጭ ብታደርገው ማንም ቀና አይልም።

ነገር ባጭሩ፦

ይቅርታ አድርግልኝና ጉራ ነው። ጉራ ደግሞ ወንጀል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 "ሀብታም ነኝ" የሚል የአይፎን አፕ ነበር፣ ዋጋው 999.99 ዶላር። ስትከፍተው ቀይ ዕንቁ ያበራል። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ስምንት ሰው ገዛው፣ አፕልም ብዙ ሳይቆይ አነሳው። አፑን የሠራው ሰው ግን አልዋሸም፣ ለምን እንደተሠራ ስሙ ራሱ ይናገራል። አንተን ያሳፈረህ ሰዓቱ መሞቱ አይደለም። "ቻርጅ ጨርሶ ነው" ማለትህ ነው። "ሞቷል፣ ስለሚያምር ነው ያሰርኩት" ብትላቸው ሴትዮዋ ይስቁ ነበር።

ደግሞ ፋሽኑም አልፎብሃል። ሰው ሁሉ ገመድ አልባ ጆሮ ውስጥ ሲወትፍ የዘነጡት ልጆች ወደ ባለገመዱ ነጭ ኢርፎን ተመልሰዋል። የእኛ መሥሪያ ቤት ትልቁ አለቃ ደግሞ ባለቁልፍ ስልክ ነው የሚይዘው። ስማርቱን የሚይዝለት ሰው አለው።

ባለጥቁሩ ሰዓት፦

ነገር ባጭሩ፣ አመመኝ፣ ግን ልክ ነሽ። ወይም ልክ ነህ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም።

ካቻቢቴ፣ አየሁት። በአንድ በኩል ስክሪኑ ተነስቷል። ጥፍር ሳይሆን የመታወቂያዬ ጠርዝ ገባ። ሰባት ወር ሙሉ ልብ አላልኩትም፣ የምወለውለው መሀሉን ነበር መሰለኝ። አውልቄዋለሁ። ክንዴ ላይ ነጭ ክብ ቀርቷል፣ ስብሰባ ላይ እሱን አየዋለሁ።

ጋሽ አንቴና፣ ስምንት ወሩን ስላነበብኩ ትንሽ ቀለለኝ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ማሰሪያው አሁንም አዲስ ነው። ጫፉ ላይ 22 ተብሎ ተጽፏል። ባለ ቆጣሪ ተራ ሰዓት ላይ ይገጥማል?

ካቻቢቴ፦

22 ሚሊሜትር ማለት ነው። የሰዓቱም የማሰሪያ መግጠሚያ ስፋት 22 ከሆነ ይገጥማል፤ ማሰሪያው ቀጥ ያለ ጫፍ እንዳለው ብቻ እይ። ያበጠውን ግን ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥለው፣ ያገለገሉ ባትሪዎች የሚቀበል ቦታ አድርስ።

ተራውን ስትመርጥ ቁጥሮቹ ጎላ ጎላ ያሉ ይሁኑ። ሴትዮዋ በዚያው ሊፍት ነው የሚሄዱት።