ለቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች የቪአር ሥልጠና ያዋጣል?

የሞጆዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሞጆ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሴፍቲ ኃላፊ ነኝ። አምና የደረሰብንን ልንገራችሁና ምክር ስጡኝ። የቆዳው ፀጉር የሚለቀው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። በኋላ ደግሞ አሲድ ውስጥ ይገባል። የሁለቱ ፍሳሽ ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ያን ቀን ተገናኘ። የፍሳሽ ጉድጓዱን ሊጠርግ የወረደው ልጅ ወደቀ። ጓደኛው ሊያወጣው ተከትሎ ገባ፤ እሱም ወደቀ። ሦስተኛውን ወገቡን ይዤ ነው ያስቀረሁት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ተርፈዋል።

የሚያንገበግበኝ፣ ተከትሎ የገባው ልጅ ሠልጥኗል። "ጓደኛህ ቢወድቅ ዘለህ አትግባ" ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። አሁን ማኔጅመንቱ ሁለት የቪአር መነጽር ሊገዛ ነው፤ ሲያጠልቁት ቦታው ላይ ያሉ የሚያስመስል ምስል የሚያሳይ። ግን ጋዙ እንደ ገማ እንቁላል ነው የሚሸተው፤ መነጽር ውስጥ ደግሞ ሽታ የለም። ታዲያ ልጆቹ ጋዙን በምን ይለዩታል?

ከጁቤይል፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፉ። ሳዑዲ ፔትሮኬሚካል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ስለ ሽታው አትጨነቂ። ይህ ጋዝ የሚሸተው ትንሽ ሲሆን ነው። 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ (ከሚሊዮን የአየር ክፍል መቶው ጋዝ ሲሆን ማለት ነው) አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰው "ሽታው ጠፋ" ብሎ ይገባና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አፍንጫቸውን ሳይሆን ደረታቸው ላይ የሚሰካውን የጋዝ መለኪያ እንዲያምኑ አስተምሪያቸው።

እኔ አንዴ በቪአር ሠልጥኛለሁ። ጓደኛዬ ታንክ ውስጥ ወደቀ። ምስል መሆኑን እያወቅኩ እግሬ ወደ እሱ ሄደ። ወዲያው ሁሉ ነገር ጨለመብኝ። ሞቻለሁ ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር ቆምኩ። አላርሙን መታሁ፣ የነፋሱን አቅጣጫ አየሁ፣ በነፋሱ ተቃራኒ ወጣሁ። ልጁ ትምህርቱ ጠፍቶት አይደለም የገባው። ወንድሙ ሲወድቅ ማን ያስባል? ያንን መሳሳት ያለበት እዚያ መነጽር ውስጥ ነው።

የፖሊ መምህር፦
እስማማለሁ፤ ግን በመነጽር ብቻ እንዳትቀሪ። ሊያድን የሚገባ ሰው የሚያዝለው የአየር ሲሊንደር ከነማስኩ 10 ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጢም ያለው ሰው ላይ ማስኩ በደንብ አይገጥምም። ይህን እጅና ፊት ካልሞከሩት ማንም አያስተምረውም። የቪአር መነጽሩ ደግሞ አንዳንዶቹን ያዞራቸዋል፤ በ10 ደቂቃ ጀምሪ። ሌላው፣ ተሠርቶ የሚሸጠው ፕሮግራም አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ የሚያሳየውም የሌላ አገር ፋብሪካ። ዙሪያውን ሁሉ በሚቀርጽ የ360 ዲግሪ ካሜራ የራሳችሁን ቢምሃውስ (የቆዳው ፀጉር የሚለቅበትን ክፍል) ቅረጹት። ልጁ የሚያውቀውን ጉድጓድ ይይ።

የድሮ ቆዳ ሠሪ፦
ልጄ፣ ሁሉም ጥሩ ብለዋል። ግን ሰልፋይዱና አሲዱ አሁንም በአንድ ቦይ ነው የሚሄዱት? ከሆነ መጀመሪያ ቦዩን ለዩ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ መነጽሩ ይቆይ።

የሞጆዋ፦
አባቴ፣ እውነትዎን ነው። አዎ፣ መጨረሻው ላይ ይገናኛሉ። ሰኞ የቦዩን ንድፍ ይዤ ማኔጅመንት ጋ እገባለሁ። መነጽሩ አንድ ይበቃናል፤ የሁለተኛው ዋጋ ለጋዝ መለኪያ ይዋል እላለሁ። መምህር፣ ካሜራውን የምንከራይበት ቦታ ካወቅክ ጻፍልኝ። ተከትሎ የገባውን ልጅ ቀረጻው ላይ እንዲናገር ጠይቄዋለሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም እናገራለሁ ብሏል።