ስምንት ወር ስፖርት ሠርቼ አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነስኩም፤ ሒሳቡ የት ላይ ነው የጎደለው?

መዝገብ ያዥዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ39 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ61። ሥራዬ ሒሳብ መዝጋት ስለሆነ ያልገጠመ ቁጥር ይዤ ማደር አልወድም። ይህኛው ግን አላስተኛ ብሎኛል።

መስከረም ላይ 76 ኪሎ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ እገኛለሁ። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር መሄድ፣ አንድ እርከን መውጣት፣ እንደገና ከዳር እስከ ዳር መመለስ ነው። እሮጣለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። 50 ደቂቃ ሳላቋርጥ እሠራለሁ። እሑድ ሲመቸኝ እንጦጦ እወጣለሁ። ኅዳር ላይ የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትርም ጨርሻለሁ፤ ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በጭፈራ።

ምግቤንም አስተካክያለሁ። ለስላሳ መጠጥ ካቆምኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ማታ የምበላው ግማሽ እንጀራ ብቻ ነው። ሥጋ በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን እስከ ሰባት ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ጾሜያለሁ። ለጽድቁም ለወገቡም ይሆናል ብዬ ነበር (እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ)፤ የፋሲካ ማግስት ስመዘን ጭራሽ ጨምሬ ተገኘሁ።

አሁን ግንቦት ላይ 75 ኪሎ ከ200 ግራም ነኝ። በፊት የምመዘነው መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ነበር። አንዱ 73 አለኝ፤ ሃምሳ እርምጃ ሳልርቅ ሌላው 77 አለኝ። ለሁለቱም ከፍዬ የራሴን ሚዛን ገዛሁ።

መሥሪያ ቤት "ተመችቶሻል" ይሉኛል። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ በማለዳ ስወጣ እያየች "ምን ጎድሎብሽ ነው ራስሽን እንዲህ የምታንገላቺው?" ትለኛለች። ባለቤቴ ብልህ ሰው ነው፣ ምንም አይልም። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?


ሎሚና ዝንጅብል፦

እህቴ፣ በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውኃ ጠጪ፤ ማታ ደግሞ የተዘፈዘፈ አብሽ። ስቡን ያቀልጠዋል። እኔ በአንድ ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀንሻለሁ።


ጡረተኛው መምህር፦

ከላይ ለጻፍከው ወንድሜ፦ ሎሚ ስብ አያቀልጥም። በአንድ ሳምንት የሄደብህ ሦስት ኪሎ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።

አንቺ ልጄ፣ በርቺ። 31 ዓመት የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ያንቺን ጥያቄ ከተማሪ ወላጆች ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁሉም የስፖርቱን ሰዓት ይነግሩኛል፤ ምግብ ላይ ሲደርሱ ግን የሚነግሩኝ የተዉትን ነው። አንቺም ለስላሳውን፣ ሥጋውን፣ ግማሹን እንጀራ ጻፍሽ። እንጀራው የሚጠቀስበትን ወጥ ግን አልጻፍሽም።

ባንቺ ክብደት 50 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ከ250 እስከ 300 ካሎሪ ያህል ያስወጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሁለት ማንኪያ ተኩል ዘይት የማለዳሽን ልፋት ይመልሰዋል ማለት ነው። ዘይቱ የኑግ ይሁን የፓልም ለውጥ የለውም፤ በካሎሪ ሁሉም አንድ ነው። ጾም ደግሞ ቅቤውንና ሥጋውን ይከለክላል እንጂ ዘይት አይከለክልም። ያለ ቅቤ ወጡ እንዲጥም ሲባል ዘይቱ እጥፍ ይሆናል። እስከ ሰባት ሰዓት የቆየ ሆድም ሲያገኝ አይምርም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ቤታችሁ ስንት ቀን ይቆያል?


ነርሷ፦

የመምህሩ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ሌላ በር ላንኳኳ። መድኃኒት ትወስጃለሽ? በተለይ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ? አገራችን ውስጥ ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙት እሱን ነው፤ ጥሩ መከላከያም ነው። አንዳንዶች ላይ ግን የምግብ ፍላጎትና ክብደት ይጨምራል። ሁሉም ላይ አይደለም፤ የምትጠቀሚ ከሆነ ግን ለባለሙያ ንገሪ። ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን የሌለው ሉፕ አለ፤ ሌላም አማራጭ አለ። በራስሽ ውሳኔ እንዳታቋርጪ ብቻ፤ ለክብደት ብላ አቋርጣ አርግዛ የመጣች ሴት አይቻለሁ።

ሁለተኛው የታይሮይድ ዕጢ ነው። ድካም፣ ሌላው ሰው ሳይበርደው አንቺን መብረድ፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የወር አበባ መብዛት ካለብሽ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ አድርጊ። አንገትሽ ላይ እንቅርት ባይኖርም ዕጢው ሊሰንፍ ይችላል። ሆኖም ከዕጢው የሚመጣው ጭማሪ ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ውኃና ጨው ነው። ሁሉንም በእሱ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ሚዛን ላይም በየቀኑ አትውጪ። በጨውና በውኃ ብቻ፣ በተለይ የወር አበባ ሊመጣ ሲል፣ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል። በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብሽን በእምብርትሽ አካባቢ ለኪና መዝግቢ። ለሴት ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ኪሎሽ ሳይነቃነቅ ወገብሽ ቀንሶ ከሆነ ልፋትሽ ከንቱ አልሆነም።


ሾፌሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔም ጂም ከገባሁ በኋላ ነው የወፈርኩት። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ስፖርት እሠራና "ዛሬስ ሠርቻለሁ" ብዬ ለአሥራ አንድ ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ማታም እንደ ሠራተኛ ሰው እበላለሁ። እህቴ፣ ከመስቀል አደባባይ ከተመለስሽ በኋላ ቀኑን ስንት ጊዜ ከወንበር ትነሻለሽ?


መዝገብ ያዥዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሎሚና ዝንጅብል፦ ወንድሜ፣ አብሹን እናቴም ሞክራብኛለች።

ለነርሷ፦ መርፌውን ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ እወስዳለሁ። አንድም ቀን ከክብደቴ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ቀጣዩ ሰኔ ላይ ነው፤ ሳልወጋ በፊት እነጋገራለሁ። ወገቤ 94 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ድሮ ስንት እንደነበረ ስላልለካሁት መነሻ ሒሳብ የለኝም፤ ለእኔ ይህ ነውር ነው። ለሾፌሩ፦ ከወንበር የምነሣው ለቡና ነው፤ በቀን ሦስት ሲኒ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ለስላሳውን ትቼ ስኳሩን በሲኒ ስወስደው ነበር ማለት ነው።

መምህር፣ የእርስዎ ጥያቄ ግን አሳፈረኝ። የቤታችንን ወጪ በደብተር ስለምይዝ ማየት ቀላል ነበር። ባለ 5 ሊትር ዘይት የካቲት 15 ተገዛ፤ ቀጣዩ መጋቢት 5። 20 ቀን። በቀን 250 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሰው። የእኔ ድርሻ 50 ሚሊ ሊትር፣ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ በላይ፣ ከ400 ካሎሪ በላይ ነው። ልጆቹ እንደ እኔ ስለማይበሉ ድርሻዬ ከዚህም ይበልጣል። ዋጋውን ስንት ጊዜ ደምሬዋለሁ፤ ዘይቱን ግን አንድም ቀን ለሰው አካፍዬው አላውቅም።

አላመንኩምና ቅዳሜ ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ ሽሮ ልትሠራ ሽንኩርቱን ጥዳለች። ጀሪካኑን ስታነሣ "እማዬ፣ የምትጨምሪውን መጀመሪያ እዚህ ላይ ቅጂልኝ" ብዬ ብርጭቆ ያዝኩላት። ቀዳችልኝ። የልጆቹ ሳል ሽሮፕ ይዞት በመጣው መለኪያ ብርጭቆውን እየገለበጥኩ ቆጠርኩት፤ 140 ሚሊ ሊትር። ለአንድ ምሳ! እናቴ ወገቧን ይዛ ስታየኝ ቆየችና "ዘይት በመድኃኒት መስፈሪያ የሚለካበት ቤት አላየሁም" አለች። ዘይቱ ከላይ ካልታየ ወጡ አልበሰለም ብላ ነው ያደገችው፤ እኔንም ያሳደገችኝ በዚያ ወጥ ነው። ምን ልበላት?


ጡረተኛው መምህር፦

እናትሽን አትከራከሪያት፤ አትረቺያትም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እንዴት እንደሚቁላላ ጠይቂያት። መጀመሪያ ያለ ቅባት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ፣ እስኪከስም ነው። ሽሮውንም በዚያው መንገድ ትሥራው፤ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይግባ። ዘግይቶ የገባ ዘይት ትንሹም ቢሆን ከላይ ይታያል።


መዝገብ ያዥዋ፦

ሦስት ሳምንት ስለሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው። መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎ እንዳሉት በዶሮ ወጥ በኩል ስገባባት እሺ አለች። እንዲያውም "ይህንንማ እኔ ነኝ የማስተምርሽ" አለችኝ። አሁን ለአንድ ድስት 60 ሚሊ ሊትር ይገባል። ቡናዬን በግማሽ ማንኪያ ስኳር ለምጄዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ግን ሬት ነበር የምጠጣው።

ዛሬ ጠዋት 74 ኪሎ ከ100 ግራም፣ ወገቤ 92። ቲኤስኤች ደህና ነው ተብያለሁ። ሐኪም ጋ ተነጋግሬ መርፌውን በሉፕ ለመተካት ወስኛለሁ።

አንድ ያልገጠመ ነገር ቀርቷል። ጀሪካኑ ላይ የተገዛበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፌ ነበር። በእኔ ስሌት እስካሁን ከግማሽ በላይ ሊኖረው ይገባል፤ ትናንት ሳነሣው ግን ቀለለኝ። እናቴን ስጠይቃት እንግዳ መጥቶ ነበር አለች። የመጣ እንግዳ የለም።