ኤፍ(ኤክስ) ማባዛት ነው እንዴ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ቤተሰብ። እህቴን ሒሳብ እያስጠናኋት ነው። ኤፍ(ኤክስ) = 3ኤክስ + 2 ይላል። እሷ «ኤፍ ሲባዛ በኤክስ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ቅንፍ ካለ ማባዛት ነው ተብለን አይደል የተማርነው? ምን ብዬ ላስረዳት?

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ አይደለም። ኤፍ ቁጥር ሳይሆን የሕጉ (የፈንክሽኑ) ስም ነው፣ ቅንፉ ውስጥ ያለው ደግሞ የሚገባው ቁጥር። ኤፍ(4) ካለ ኤክስ ባለበት ሁሉ 4 ታስገባለህ፣ 3 ሲባዛ በ4 ሲደመር 2፣ 14። አለቀ።

ከኮምቦልቻ፦ በባጃጅ አስረዳት። መነሻ 20 ብር፣ በኪሎ ሜትር 10 ብር ቢሆን (ምኞት ነው ባካችሁ) ዋ(ኪ) = 10ኪ + 20። ዋ(3) 50 ብር ማለት ነው። ፊደሉ ኤፍ መሆኑ ግዴታ አይደለም፣ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1734 ስለተጠቀመበት ለመድነው እንጂ።

ጠያቂ፦ እሺ ገባኝ። ኤፍ(ኤክስ + 1) ሲመጣስ?

ከቧንቧ ውሃ፦ ያው ነው ወንድሜ፣ ሙሉውን አስገባው። 3(ኤክስ + 1) + 2፣ ማለትም 3ኤክስ + 5። እዚህ ጋ ያለው ቅንፍ ግን ማባዛት ነው፣ ከፊቱ ያለው 3 ቁጥር ነዋ! ብዙ ልጅ መጨረሻ ላይ 1 ደምሮ 3ኤክስ + 3 ይላል፣ ፈተና ላይ ጉድ የሚሠራው ይሄ ነው።