የጥቅምት ቅዳሜ ምሽቶች በፒያሳው ላውንጅ፦ የጋራ ሐሳባችን ምን ይሁን?

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ፒያሳ ያለው የሙዚቃ ላውንጅ ባለቤት በጥቅምት ወር ውስጥ አራት ቅዳሜ ማታዎችን ለማኅበራችን ሊለቅልን ተስማምቷል። ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ መድረክ የለውም፣ 50 ሰው ከገባ ይሞላል። ከእኛ የሚጠብቀው ምን እንደምናቀርብና ክፍያው እንዴት እንደሚሆን የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። መስከረምን ያልመረጥኩት ከመስቀል እስከ ግሸን ንግሥ፣ እስከ 21 ድረስ፣ ከተማው በመንገደኛ ስለሚጨናነቅ ነው፤ ከሩቅ ለምናመጣው ሰው ማደሪያም አናገኝም። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል።

የእኔ መነሻ ቀላል ነው፦ አራት ምሽት፣ አራት ቅኝት፤ ቅኝት ማለት ዜማው የሚሠራበት የአምስት ድምፅ አሰላለፍ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲ ከተማችን፣ አምባሰል ተራራችን ሆነው ሳሉ ደሴ ላይ ቅዳሜ ማታ የምንሰማው ከስልክ የሚለቀቅ ዘፈን መሆኑ ያንገበግበኛል። ሐሳባችሁን ጻፉ።

ክራር ተጫዋች፦
እታለም፣ ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን አራት ቅኝት ስለሆነ አራት ምሽት ማለት አይደለም። ከክራሩ ልነሳ። ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው በተሻገርኩ ቁጥር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለብኝ፤ ሰው እየጠበቀ፣ ብርጭቆ እየተንኳኳ መቃኘት ደግሞ ምሽቱን ይሰብረዋል። ማሲንቆ ይህ ችግር የለበትም፤ አንድ ክር ናት፣ ቅኝቱ ያለው ጣቱ ላይ ነው። ስለዚህ ቅኝቶቹን በዝምድናቸው ብናጣምራቸው ይሻላል።

ትዝታና ባቲ ሁለት ሁለት ዓይነት አላቸው፣ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ። ግማሽ ትዝታ የምንለው፣ ማይነሩ፣ ከአምባሰል ጋር አምስቱም ድምፆች አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በመነሻቸው ብቻ ነው። ሙሉ ትዝታ፣ ሜጀሩ፣ እና ባቲ ማይነርም እንዲሁ ናቸው። ባቲ ሜጀር ግን ራሱን የቻለ ስለሆነ አንድ ጊዜ መቃኘት ይጠይቃል፤ እሱን ከእረፍቱ በኋላ አደርገዋለሁ። እንግዲህ የመጀመሪያው ምሽት ግማሽ ትዝታና አምባሰል፣ ሁለተኛው ሙሉ ትዝታና ባቲ ይሁን። አድማጩም ያተርፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ በትዝታ ማይነር የቆየ ጆሮ በእነዚያው ድምፆች አምባሰል ሲነሳለት ምን እንደተለወጠ ማንም ሳያስረዳው ይሰማዋል። ይህን በስልክ አያገኘውም።

አንቺሆዬ ዘመድ የላትም። ብቻዋን ሦስተኛው ምሽት ትግባ፤ ግን ግማሹን ብቻ። አንቺሆዬን ሌሊቱን ሙሉ መስማት ለለመደውም ይከብዳል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሦስት ምሽት ከሆነ እኔም እስማማለሁ። አራተኛውን ቅዳሜ ለባለቤቱ እንመልስለት።

ክፍያው ላይ ግን አጥብቄ የምለው አለኝ። እስከ ዛሬ አዝማሪ የሚያድረው በሽልማት ነው። ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ብር ከሞላ ሞላለት፣ ካልሞላ እጁን አጣጥፎ ይሄዳል። ጥቅምት ደግሞ ሠርግ የለም፤ ሠርጉ ጥር ላይ ነው። እኛ ጠርተን አምጥተን ዕድሉን ይሞክር ማለት ነውር ነው። አስቀድሞ የተቆረጠ ክፍያ ይኑር፤ ከመግቢያው ገንዘብ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ይሁን። ሽልማት አይከልከል፣ ግን ሙሉ በሙሉ የተጫዋቹ ነው፤ ቤቱም እኛም አንነካውም። ባለቤቱ ከምግብና ከመጠጡ ያገኛል፣ ከመግቢያው እንዳይጠይቅ በጽሑፉ ላይ ይግባ።

የባቲ አባል፦
ወላሂ ልክ ብለሃል። የትራንስፖርቱም ነገር ለብቻው ይያዝ። ከባቲ ኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ደሴ ደግሞ 25 ገደማ። ማታ የሚመለስ ስለሌለ ማደሪያ ያስፈልጋል። ቅዳሜ መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ እሁድ ቢሆን ኖሮ የሰኞ ገበያችንን ጥሎ የሚመጣ አታገኙም ነበር።

ሌላም አለ። ባቲ ቆላ ነው፣ ደሴ ደጋ፤ በዚያ ላይ የጥቅምት ብርድ። የማሲንቆው ቆዳ እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲያገኘው ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። ተጫዋቾቹ ቀደም ብለው ገብተው መሣሪያው ከቤቱ ሙቀት ጋር ይላመድ። ከመኪና ወርዶ ወዲያው ተጫወት አይባልም።

የድምፅ ባለሙያ አባል፦
በዚያች ቤት ሁለት ትልልቅ ስፒከር መትከል ማሲንቆን መግደል ነው። የየምሽቱ የመጀመሪያ ክፍል፣ ከእረፍቱ በፊት ያለው፣ ያለ ማጉያ ይሁን። ሁለተኛው ላይ ለድምፃዊው አንድ ማይክ፣ ለክራሩ አንድ፣ በዝቅታ። ከበሮ ማይክ አይፈልግም። መብራት ቢጠፋም ምሽቱ አይቋረጥም፤ ጄኔሬተሩ ግን ከጓሮ ይራቅ፣ ጩኸቱ ይገባል።

ወጣት አባል፦
ሦስተኛው ምሽት ላይ ከእረፍት በኋላ መንዙማ ብናስገባስ? ወሎ ያለ መንዙማ ምን ወሎ ነው?

አንጋፋ አባል፦
ልጄ፣ ፍቅርህን አያለሁ፣ አላህ ይጨምርልህ። ነገር ግን መንዙማ የነቢዩ ውዳሴ ነው። ድቤው የሚመታው ዱዓ ባለበት፣ ቡናው በሚፈላበት፣ ሰው ተጠራርቶ ለዚያው ብሎ በተሰበሰበበት ነው። ቢራ በሚቀርብበት ቤት ከዘፈን ቀጥሎ ማስገባት አይሆንም። በገናንም ቢሆን እዚያ አስገቡ ብትሉ እንዲሁ እቃወም ነበር። መንዙማን ከፈለግን ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ተማክረን ሌላ ቦታ፣ በቀን፣ ለብቻው እናዘጋጅ። እኔ ራሴ ሄጄ አነጋግራለሁ። ከዚህኛው ጽሑፍ ግን ይውጣ።

ወጣት አባል፦
እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ሲሄዱ አብሬ ልሂድ።

የኮምቦልቻ አባል፦
ሰዓቱ ይታሰብበት። ከ3 ሰዓት በኋላ ከተጀመረ እኛ ሴቶቹ አንመጣም፤ ባጃጅም አይገኝም። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ቢያበቃ ከኮምቦልቻ የመጣውም በጊዜ ቤቱ ይገባል። ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌን የሚጾሙ እናቶች አሉ፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የጾም ምግብ ይዘጋጅላቸው።

ቀረጻውስ? ሁሉም ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ ቲክቶክ ላይ ሊለቀው ነው። ዘፋኙ ሳይጠየቅ ዜማው አገር ላገር ይዞራል።

ጸሐፊ፦
ይህን ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙንም መብት ይጠብቃል፤ የቀጥታ ዝግጅቱን ያለ ፈቃዱ መቅረጽና ማሰራጨት አይቻልም። ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጋር በጽሑፍ እንስማማ። ከምሽቱ አንድ ዜማ ብቻ ማኅበሩ ቀርጾ ይለቃል፣ እሱም ተጫዋቹ የመረጠው ነው። በሩ ላይ ይለጠፍ፣ መግቢያ ላይም በቃል ይነገር።

ክራር ተጫዋች፦
የሦስተኛው ምሽት ሁለተኛ ክፍል ባዶ እንዳይቀር። «ተቀበል!» የሚባልበት ይሁን። ከተቀመጠበት ግጥም ያለው ይወርውር፣ አዝማሪው ይቀበል። መድረክ አለመኖሩ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ገጣሚውና አዝማሪው ፊት ለፊት ናቸው። ከእኛ ውስጥ ግጥም የሚችሉት አስቀድመው ቢዘጋጁ ሌላው ይደፍራል። የሰውን ዘርና ሃይማኖት የሚነካ ግን አዝማሪው አልቀበልም የማለት መብት ይኑረው፣ እኛም ከኋላው እንቁም።

አንጋፋ አባል፦
ይህን ጻፉልኝ።

ጸሐፊ፦
ተጽፏል። እንግዲህ ጽሑፉ እንዲህ ይሄዳል። ማኅበሩ በጥቅምት ወር ውስጥ ሦስት ቅዳሜዎች፣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ያቀርባል። መጀመሪያ ግማሽ ትዝታና አምባሰል፣ ቀጥሎ ሙሉ ትዝታና ባቲ፣ በመጨረሻ አንቺሆዬና ግጥም መቀበል። የየምሽቱ የመጀመሪያ ክፍል ያለ ማጉያ ነው። የተጫዋቾች ክፍያ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፣ ከመግቢያው ቀድሞ ይወጣል፤ መንገድና ማደሪያ ከእሱ ውጭ ነው፤ ሽልማት የተጫዋቹ ነው። ቤቱ ከመግቢያው አይካፈልም። ቀረጻ በጽሑፍ ስምምነት ብቻ።

የጎደለን አንድ ነገር ነው፦ አንቺሆዬን በደንብ የምትጫወት ወይም የሚጫወት ሰው ከላስታ በኩል። የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ስም እዚህ አትለጥፉ፣ መጀመሪያ እሷን ወይም እሱን እንጠይቅ። የባቲ ወንድማችን፣ የመንገዱንና የማደሪያውን ሒሳብ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ሆናችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ባለቤቱ ጋ ይዤው እሄዳለሁ።