የጉድጓድ ውሃ ለምትጠጡ፦ የትኛው ምርመራ፣ የትኛው ማጣሪያ?

ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩ። ዋናው ጥቆማዬ ይሄ ነው።

ጥያቄውን ያነሳሽው እህቴ፣ ቤታችሁ ሁለት ሰው ስኳር አለበት፣ የምትጠጡትም የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ስኳሩን ያመጣው በውሃው ውስጥ ያለ አርሰኒክ ይሆን ብለሻል። ስጋትሽ መሠረት ቢስ አይደለም። አርሰኒክ ከመሬት ውስጥ ወደ ጉድጓድ ውሃ ሊገባ የሚችል መርዛማ ንጥረ ነገር ነው። በደቡብ ምዕራብ ታይዋን አርሰኒክ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት በጠጡ ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ በዝቶ ታይቷል፣ ጥናቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ ከባንግላዴሽም ተመሳሳይ ውጤት መጥቷል። በላብራቶሪ እንደታየው አርሰኒክ ቆሽት ኢንሱሊን እንዳያመነጭ ያውካል፣ ሴሎችም ስኳሩን ከደም በደንብ እንዳይወስዱ ያደርጋል። መጠኑ ዝቅ ሲል ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ዘር፣ ክብደት፣ አለመንቀሳቀስ አሁንም ትልልቆቹ ምክንያቶች ናቸው። ስለዚህ "ውሃው ነው ያመጣብኝ" ብሎ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው እንዳይኖር፣ እባካችሁ።

አርሰኒክ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ውሃው ኩልል ስላለ ብቻ አትመኑት። ቤት ውስጥ በወረቀት ቀለም የሚለካው መመርመሪያ ፈጣን ነው፣ መጠኑ በጣም ከፍ ያለ ከሆነም ያሳያችኋል። ችግሩ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም መሆኑ ነው፤ እዚያ አካባቢ ሲደርስ የቀለሙን ልዩነት በዓይን መለየት ይከብዳል። እኔ ላብራቶሪውን እመርጣለሁ። ስትሄዱ "አርሰኒክ" ብላችሁ በስሙ ጠይቁ፣ ምክንያቱም የተለመደው የጀርም ምርመራ እሱን አይጨምርም። የጎረቤት ውጤትም አያገለግላችሁም፣ ሁለት ጉድጓዶች በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ውሃቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊለያይ ይችላል።

ወደ ማጣሪያው ስንመጣ፣ ማፍላት አይሠራም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ላይ አርሰኒኩ ይጠነክራል። ተራው የከሰል ማጣሪያ ያለው ጆግ ለሽታና ለጣዕም ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አልመክረውም። የሚሠሩት ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው (ውሃውን በግፊት በረቂቅ ሽፋን የሚያሳልፈው)፣ እንዲሁም አርሰኒኩን ስበው በሚይዙ የብረት ኦክሳይድ ወይም የአሉሚና ቅንጣቶች የተሞሉት ናቸው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ብዙ ውሃ ያፈሳል፣ ግን ለአንድ የኩሽና ቧንቧ ይበቃል፤ ገላ መታጠቢያው ላይ መግጠም አያስፈልግም፣ በቆዳ የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ፦ አርሰኒክ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፣ አንደኛው መልኩ ብዙዎቹን ማጣሪያዎች በቀላሉ ያልፋል። እሱን ለመያዝ ውሃው አስቀድሞ በክሎሪን መታከም ሊኖርበት ይችላል። ለዚህ ነው ከተገጠመ በኋላም የተጣራውን ውሃ መልሳችሁ አስመርምሩ የምለው፣ በዓመትም አንዴ።

"ሰውነቴ ውስጥስ?" ለምትሉ፣ ከደም ይልቅ የሽንት ምርመራ ይሻላል፤ አርሰኒክ ከደም ውስጥ ቶሎ ይወጣል። እሱም ቢሆን የሚያሳየው የቅርብ ቀናቱን ነው። ከምርመራው በፊት ለጥቂት ቀናት ዓሣና የባህር ምግብ ተዉ፣ እነሱ ውስጥ ያለው ብዙም የማይጎዳ ዓይነት ውጤቱን ከፍ አድርጎ በከንቱ ያስደነግጣችኋል።

አንቺ ግን እህቴ፣ ውሃውን በዚህ ሳምንት ላኪ። እስከዚያ ለመጠጥና ለወጥ የተመረመረ ውሃ ተጠቀሙ። ስኳር የሌለባቸው የቤቱ ሰዎችም የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ያድርጉ፣ ቀላል የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩ ሲመጣ እዚህ ጻፊልን፣ ማጣሪያውን ያኔ አብረን እንመርጣለን።